የዛሬ፣ የነገ፣ የሳምንት፣ የዛፍ

የጋሽ ወራሳን ሞት የሰማሁት ዲላ ገበያ ውስጥ፣ አቮካዶ በእጄ ይዤ ነው። ወይዘሮ ድንቅነሽ የምትባል አቮካዶ ሻጭ ደንበኛዬ አለች፤ ክምሯን የነካ ሰው ላይ ሳትጮህ ቀርታ አታውቅም። «እጅህን ሰብስብ! የዛሬ ነው የነገ? ንገረኝ፣ እኔ እሰጥሃለሁ!» ነው ሰላምታዋ። ያን ቀን አንዱን አነሳሁና ጨበጥ አደረግኩት፣ ዝም አለች። ሌላ አነሳሁ፣ ዝም። ሦስተኛውን ሆን ብዬ፣ እያየችኝ፣ በአውራ ጣቴ ጫን አልኩት። አሁንም ዝም። ያኔ ደነገጥኩ።

«ምነው እትዬ ድንቅነሽ፣ ደህና አይደለሽም እንዴ?» አልኳት።

«ጨብጥ ዝም ብለህ» አለችኝ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ እንደያዘች። «ዛሬ የፈለገ ይጨብጥ። ጋሽ ወራሳ አረፈ አሉ፣ ጠዋት።»

እጄ ላይ የነበረውን አቮካዶ መልሼ ማስቀመጥ አቃተኝ። እሷው ተቀበለችኝ፣ በጋዜጣ ቁራጭ ጠቀለለችውና ቦርሳዬ ውስጥ ከተተችው። «ይሄ የዛፍ ነው፣ ገና ነው» አለች። «እንደተጠቀለለ አስቀምጠው።»

ጋሽ ወራሳን የገደለችው አንገቱ ላይ የወጣች ንፍፊት ናት። አርባ ዓመት የሰው ንፍፊት ሲዳስስ የኖረ ሰው በንፍፊት ሞተ፤ ይህን ስለ ሌላ ሰው ቢነግሩት ኖሮ መሬት ላይ እየተንከባለለ ይስቅ ነበር። የንፍፊቷን ጥንካሬ በማሽን የለካሁት እኔ ነኝ። ያገኘሁትን ፊት ለፊት ልንገረው ወይስ አለባብሼ ልለፈው? በሥራ ዘመኔ እንደዚያ የከበደኝ ጥያቄ የለም። እዚያ ከመድረሴ በፊት ግን ሰውየውን ላስተዋውቃችሁ።

ጋሽ ወራሳ ድሬሰር ነበር። ድሬሰር ዛሬ ስሙ እንኳ እየጠፋ ያለ ሙያ ነው፤ ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚወጋ፣ እብጠት የሚያፈርጥ፣ ሐኪም በሌለበት ሐኪም የሚሆን ሰው ነው። በጌዴኦ ምድር ገደብም፣ አሪቻም፣ ባንኮ ጎቲቲም ሠርቷል፤ ጤና ጣቢያ በነበረበትም ባልነበረበትም። ጡረታ ሲወጣ ቤት መዋል አልሆንለት አለና እኔ አልትራሳውንድ ወደማነሳበት የግል ክሊኒክ መጥቶ መርፌ ክፍል ገባ። አጭር፣ ትከሻው ሰፊ፣ ከጋውኑ ላይ ሁልጊዜ አንድ ቁልፍ የጎደለ ሰውዬ ነበር። «አንቱ» ያሉት እንደሆነ ዞር ብሎ ኋላውን ያይና «ከኔ ጋር ማን አለ?» ይላል። ስለዚህ ልጅ አዋቂው አንተ ይለው ነበር። እኔም አሁን ሞተ ብዬ አንቱ ልለው አልችልም።

አማርኛው የራሱ ነበር። ጌዴኦኛን ከእናቴ፣ አማርኛን ከታካሚ ነው የተማርኩት ይላል። ሴቱንም ወንዱንም «ና ተቀመጥ» ነው። ወይዘሮ ድንቅነሽን ሲያማ «ድንቅነሽ ጥሩ ሰው ነው፣ ግን ክፉ ነው» ይል ነበር። ንፍፊትን ግን ተሳስቶ እንኳ «እሱ» ብሏት አያውቅም። «እሷ መቼ መጣች? ታስቸግራለች ወይስ አርፋ ተቀምጣለች? ስትነካት ትሸሻለች?» ይላል። በር ላይ ቆሞ የሚሰማው ሰው ስለ አዲስ ምራት የሚጠይቅ ነበር የሚመስለው።

የኔን ክፍል «ፎቶ ቤት»፣ እኔን «ፎቶ አንሺው» ብሎ ሰይሞን ነበር። ታካሚ ወደኔ ሲልክ «ፎቶ ቤት ግባ፣ ፀጉርህን አበጥር» ይላል። አንድ ጊዜ ከባንኮ ጎቲቲ የመጡ ሽማግሌ እውነት መስሏቸው ከዘመድ ቤት ኮት ተውሰው፣ ከረባት አስረው መጡ። ሆዳቸውን አስገልጬ ቀዝቃዛ ጄል ስቀባቸው ያዩኝን አስተያየት እስካሁን አልረሳሁትም።

ንፍፊት የምንለው በአንገት፣ በብብትና በጉያ ያሉት ትንንሽ ዕጢዎች ሲያብጡ ነው። እብጠቱ ከጥርስ፣ ከቁስል ወይም ከቲቢ ሲመጣ ብዙውን ጊዜ ለስለስ ይላል፤ ካንሰር የገባባት ግን ትደነድናለች። ሁልጊዜ እንዲህ ነው ማለት አይደለም፣ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ናሙና ነው። ናሙና ለመስጠት ግን እስከ ሐዋሳ መሄድ ያስፈልጋል፤ ማን ዛሬውኑ ይሂድ፣ ማን መድኃኒት ወስዶ ይጠብቅ የሚለውን መጀመሪያ የሚለይ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ጋሽ ወራሳ ነበር፤ መለኪያውን ያገኘው ከገበያ ነው። እኛ አገር አቮካዶ ስትገዛ የምትጠየቀው ለመቼ እንደሆነ ነው። እሱም አራት ደረጃ አወጣ፤ የዛሬ፣ የነገ፣ የሳምንት፣ የዛፍ። የዛሬ ማለት ጣት ሲያርፍባት እሺ የምትል ናት። የዛፍ ማለት ገና ከዛፉ ያልወረደች፣ ጣት የማትቀበል። ካርድ ላይ ሳይቀር «ግራ አንገት፣ የነገ» ብሎ ይጽፍ ነበር። የክሊኒኩ ባለቤት የሆነው ዶክተራችን በዚህ ጉዳይ ስንት ጊዜ ተቆጣው፤ በመጨረሻ ራሱ ኮሪደር ላይ ቆሞ «ወራሳ፣ የጠዋቷ ልጅ የሳምንት ናት የዛፍ?» ብሎ ሲጠይቅ በጆሮዬ ሰማሁት።

ፈተናም ነበረው። ጋውኑ ኪስ ውስጥ አቮካዶ ይከትና «እጅህን አስገባ» ይላል። ሳታይ፣ ሳትጨምቅ፣ በሁለት ጣት ዳስሰህ ደረጃዋን መናገር አለብህ። ከዚያ በምላጭ ይቀድዳታል። ከተሳሳትክ እሱ ይበላታል፣ ካገኘህም እሱ ይበላታል። ለልምምድ የመጡ ነርሶች በሙሉ ወድቀዋል። እኔ በሦስት ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ አላለፍኩም። የአቮካዶዎቹ ምንጭ ደግሞ ወይዘሮ ድንቅነሽ ናት፤ ክምሩን በሙሉ ዳስሶ፣ አገላብጦ፣ አንድ ብቻ ገዝቶ ይሄድባት ነበር። አንድ ቀን ሠልጣኞቹን አሰልፎ ገበያ ሲወርድባት የሚዛን ድንጋይ ይዛ እስከ አስፋልቱ ድረስ አባራዋለች።

ለምን እንደምወድቅ አንድ ጊዜ ነገረኝ።

«ጣትህ ደህና ነው» አለኝ አቮካዶዬን እያላመጠ። «አንተ ግን ፊቴን ታያለህ። ፈገግ ካልኩ የዛሬ ትላለህ፣ ከተኮሳተርኩ የዛፍ ትላለህ። ታካሚም ፊት አለው። ሲለምንህ በፊቱ ነው የሚለምንህ። ፊት አትይ። ጣትህ ያለውን ተናገር።»

«እውነቱ አንዳንዴ ይከብዳል እኮ ጋሼ።»

«ይከብዳል። ላንተ ነው ለሱ?»

ይህን ብሎ ልጣጩን እጄ ላይ አስቀመጠና ወጣ።

ከዚያ አዲሱ ማሽን መጣ። የሥጋን ጥንካሬ የሚለካ አልትራሳውንድ ነው። ሥጋው ውስጥ ግፊት ይልክና እንዴት እንደሚርገበገብ አይቶ በቀለም ያወጣዋል፤ በኛ ማሽን ለስላሳው ሰማያዊ፣ ጠንካራው ቀይ ነው፣ ከጎኑም ቁጥር ይወጣል። ዶክተሩ ከአዲስ አበባ አስጭኖት ሲገባ በግ ልናርድለት ምንም አልቀረን። ጋሽ ወራሳ ስክሪኑን ጎንበስ ብሎ አየና መለኪያው ምን እንደሚባል ጠየቀኝ። «ኪሎፓስካል» አልኩት ደረቴን ነፍቼ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በሩን ገፋ አድርጎ «ስንት ኪሎ መጣች?» ይለኛል። «በሷ ሂሳብ ሥጋው ለገና ይበቃናል?»

ችግሩ ጄሉ ነበር። ፕሮቡ፣ ማለት በእጅ የሚያዘው የማሽኑ ክፍል፣ ቆዳ ላይ በደንብ እንዲቀመጥ ጄል ይቀባል። ዶክተራችን ደግሞ ጄል ላይ እጁ ጥብቅ ነው። አንዷን ጠርሙስ ወር ማድረስ ትልቁ ሙያችን ሆኖ ነበር። ጄል ሲያንስ ምስሉ ይጠፋል፣ ምስሉ ሲጠፋ ፕሮቡን መጫን ነው። ለሆድ ብዙም ችግር የለውም፤ ለዓመታት ስጫን ኖሬ እጄ ለምዶታል። ጥንካሬ ስትለካ ግን የተጫንከው ሥጋ ሁሉ ይጠነክራል። ይህን ሥልጠና ላይ ነግረውኛል። ጽፌዋለሁም። ደብተሩ ቤቴ አለ።

በዚያ ሳምንት የዲላ ሰው አንገት በሙሉ ደነደነ። ጥርሱ ያመመው ሹፌር ቀይ። ጉሮሮዋ የቆሰለ ተማሪ ቀይ። እኔም ምን ዓይነት መዓት ወረደብን እያልኩ ቁጥሩን እጽፋለሁ። ከነዚህ ሰዎች አንዷ ወይዘሮ ድንቅነሽ ነበረች። አንገቷ ላይ ያበጠባትን ለካሁ፣ ስክሪኑ እሳት መሰለ። ዶክተሩ ቁጥሩን አይቶ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ጻፈላት። ወረቀቱን እንደያዘች ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ልጆቿን በስም እየጠራች ታለቅስ ጀመር።

ጋሽ ወራሳ ከመርፌ ክፍሉ ወጣ። «ና እስቲ» ብሎ አገጯን ቀና አደረገ። በሁለት ጣቱ ዳሰሰ። ዳሰሰና ዓይኑን ጨፈነ።

«የዛሬ ናት» አለ።

«እኔ አቮካዶ አይደለሁም!» ብላ ጮኸችበት፣ እንባዋ ሳይደርቅ።

«አቮካዶ ብትሆንማ ገዝቼህ ነበር። ተነሳ፣ ፊትህን ታጠብ፣ አዲስ አበባ እንዳትሄድ። ነገ ጠዋት ና።»

ከዚያ ወደኔ ክፍል ገብቶ በሩን ዘጋ። እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን ዘረጋልኝ። «ለካ» አለ። ለካሁ፤ ቀይ። የደህና ሰው የክንድ ሥጋ ነው! ሰፊ እጁን እጄ ላይ አደረገና ቀስ አድርጎ ወደ ላይ አነሳው። ቀዩ ብጫ ሆነ፣ ብጫው ወደ ሰማያዊ ሄደ፣ ከዚያም ጄል አልነበረምና ምስሉ ጭራሽ ጠፋ። አንዲት ሴት ኮሪደር ላይ ያስለቀስኩት በአውራ ጣቴ ነው ማለት ነው።

«ድንቅነሽ ቢያይህ በሚዛን ድንጋይ ይገድልህ ነበር» አለኝ። ሌላ ወቀሳ አልጨመረም።

በማግስቱ ፔርሙስ ይዞ መጣ። ባለቤቱ እትዬ ብዙነሽ ቡላ በብዙ ውሃ በጥብጣ፣ አፍልታ፣ በሻሽ አጥልላ የሰጠችው ነው። የእንሰት ቡላ ቀጥኖ ሲበስል እንዴት እንደሚያንሸራትት የበላ ያውቃል። ሲቀዘቅዝ የወይዘሮ ድንቅነሽ አንገት ላይ ሳንሰስት አፈሰስነው፣ ፕሮቡ ሳይጫን ተንሳፈፈ፣ ስክሪኑም ሰማያዊ ሆነ። የለካኋቸውን ሁሉ አንድ በአንድ እየጠራን ደግመን ለካን። ክሊኒኩ ለአራት ቀን ቡላ ቡላ ሸተተ፤ አንዱ ሕመምተኛ «ቅቤ የለውም?» ብሎ ጠየቀ። ዶክተሩ በአራተኛው ቀን አፍሮ ይሁን ሽታው መሮት አላውቅም፣ ጄል በካርቶን አስመጣ። ወይዘሮ ድንቅነሽ ሐዋሳ ሄዳ በመርፌ ናሙና ሰጠች፤ የዕጢ ቲቢ ነበር። ስድስት ወር መድኃኒቷን ወሰደች፣ ንፍፊቷ ጠፋች።

«ያዳነሽ እኮ እሱ ነው፣ አሁንስ ተይው ይጨብጥ» አልኳት አንድ ቀን።

«አድኖኛል፣ እግዜር ይስጠው። አቮካዶዬን ግን አይነካም!»

በዓመቱ ጋሽ ወራሳ ሻርፕ ማሰር ጀመረ። ዲላ ላይ፣ በዚያ ሙቀት፣ የሱፍ ሻርፕ! ስንጠይቀው ቀልዱ አያልቅም። «ሙሽራ ነኝ» ይላል። «ብዙነሽ ሊስመኝ ሲል መከላከያ ነው» ይላል። የቡና ለቀማው ወቅት ገባ፣ ወጣ፤ ሻርፑ አልወረደም። አልጠረጠርኩም ብል እዋሻለሁ። ጠርጥሬያለሁ። አንድ ሁለት ጊዜ ልጠይቀው አፌን ከፍቼ፣ ሲስቅ አየሁትና ዘጋሁት። ፊቱን አይቼ ነው ዝም ያልኩት። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አንድ ጠዋት፣ ታካሚ ሳይገባ፣ መጣና ከበሽተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠ። «ፎቶ አንሳኝ» አለ፣ ሻርፑን እየፈታ። ግራ አንገቱ ላይ፣ ከመንጋጋው ዝቅ ብሎ፣ እንቁላል የምታክል ነገር ወጥታለች።

«የጥርስ ናት» አለኝ ሳልጠይቀው።

ጄሉን እንደ ሠርግ ቅባት አፈሰስኩት። እሱ እንዳስተማረኝ ፕሮቡን አንሳፈፍኩት። ቀይ።

«ተጫንከው።»

እጄን አነሳሁ። ቀይ።

«አሁንም ተጫንክ። ብዙነሽ ቡላ ያምጣልህ እንዴ?»

ምስሉ ሊጠፋ ጫፍ እስኪደርስ አነሳሁት። ቁጥሩ ፈቀቅ አላለም። በዚያ ማሽን ከለካኋቸው አንገቶች ሁሉ እንደዚያ ያለ አላየሁም። ጋሽ ወራሳ ስክሪኑን ትክ ብሎ አየ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስንት ኪሎ እንደሆነ አልጠየቀኝም።

«ዝጋው» አለኝ። «በጣትህ ና።»

ጄሉን ጠረግኩለት። አገጩን ቀና አደረገ፣ እኔም ሁለት ጣቴን አሳረፍኩ። ዓይኑ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ያ ሁልጊዜ የሚስቅ ፊት እንደ ማንኛውም ታካሚ ፊት ሆኖ ነበር። እየለመነኝ ነበር።

ወዲያው አወቀብኝ። «ፊቴን አትይ» አለ።

ግድግዳው ላይ ስለ ጡት ማጥባት የሚያስተምር ሥዕል አለ። እሱን አየሁ። ጣቶቼ ሥር ያለችው አልሸሸችም። ከታች ካለው ሥጋ ጋር ተጣብቃለች። እሺ የምትል አይደለችም። «የሳምንት» ብል ያምነኛል፣ ጥርሱን ያስነቅላል፣ ሁለታችንም እንስቃለን፣ እሱም ሌላ ወር ሻርፑን ያስራል። ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር።

«የዛፍ» አልኩ።

ውጭ የካርድ ክፍሏ ልጅ የሰው ስም ትጠራለች። ጋሽ ወራሳ አገጩን ቀስ አድርጎ አወረደ።

«አለፍክ» አለኝ።

እንባዬ መጣ። እሱ ግን ጉልበቴን መታ መታ አደረገና ወሬውን ቀጠለ። «እኔ ስንት ወር የነገ ስል ነበር፣ ታውቃለህ? ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት ቆሜ እዳስሳታለሁ፣ የነገ እላለሁ። በማግስቱም የነገ። መስታወቱ ውስጥ ለካ ፊቴን እያየሁ ነው። አንተ አለፍክ፣ እኔ ወደቅኩ።»

ሻርፑን መልሶ ማሰር ጀመረ። ካሰረ በኋላ በጎን አየኝ።

«ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን የጠቀለልኳት ይመስልሃል? አቮካዶ ሲጠቀለል ይለሰልሳል ብዬ ነው።»

ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፣ እያለቀስኩ። በር ላይ የቆመው የመጀመሪያ ታካሚ ምን ዓይነት ክሊኒክ ውስጥ እንደገባ ግራ ገብቶት ነበር።

የሐዋሳው ናሙና ጣቴ ያለውን አለ። መነሻዋ ከጉሮሮው ነበር። አዲስ አበባ ሄዶ ጨረር ወሰደ፣ ከስቶ ተመለሰ፣ ድምፁ ተዘጋ። ልጠይቀው ስሄድ በሹክሹክታ «ፎቶ ቤቱ ደህና ነው?» ይለኝ ነበር። እነዚያ የሻርፕ ወራት ባይባክኑ ኖሮ ይተርፍ ነበር ወይ ብዬ ዶክተሩን ጠይቄዋለሁ። እሱም አያውቅም። ቀድሜ አንገትህን ግለጥ ብለው ግን ይገልጥልኝ እንደነበር አውቃለሁ፤ ተቆጥቶ፣ ተሳድቦ፣ ይገልጥ ነበር።

ቀብሩ ላይ የሕይወት ታሪኩን ያነበበው ሰው «ዝምተኛ፣ ቁጥብና ቀልድ የማያውቅ» አለ። ሕዝቡ እርስ በርሱ ተያየ፤ የሌላ ሰው ቀብር የመጣን መሰለን። የአቮካዶ ሻጮቹ ገበያቸውን ትተው በሙሉ መጥተው ነበር። ወይዘሮ ድንቅነሽ ከሁሉ በላይ አለቀሰች። «ምነው ክምሬን በሙሉ በጨበጥከው!» እያለች ነበር የምታለቅሰው።

ሞቱን የሰማሁ ቀን የጠቀለለችልኝን አቮካዶ ከማሽኑ አጠገብ መስኮቱ ላይ አስቀምጬው ነበር። ጠዋት ጠዋት ጋዜጣውን ገለጥ አድርጌ፣ ወደ ውጭ እያየሁ፣ በሁለት ጣት እዳስሳታለሁ። የዛፍ። በማግስቱም የዛፍ። ከዚያ የሳምንት ሆነች፣ ከዚያ የነገ። አንድ ቀን ጣቴን ሳሳርፍባት እሺ አለችኝ።

«የዛሬ» አልኩ ጮክ ብዬ፣ ማንም በሌለበት ክፍል ውስጥ።

በምላጭ ቀደድኳት። ልክ ነበርኩ። የሚበላት እሱ ነበር፤ እሱ ስለሌለ እኔው በላኋት፣ እያለቀስኩ።